ኬፕ ታውን ላይ አንድ ቀን ለሁለት፦ ኮንስታንሻ፣ ስቴለንቦሽ ወይስ ፍራንሽሁክ?

ባለቤቴ ሙዚየም ትወዳለች። እኔ ወይን ጠጅ እወዳለሁ። ኬፕ ታውን ደግሞ ሁለታችንንም በአንድ ቀን ሳታስቀይም መሸኘት የምትችል ከተማ ናት። ችግሩ ምርጫው መብዛቱ ነው። ሆቴል መግቢያ ላይ የተደረደሩትን በራሪ ወረቀቶች ብታነሱ ሁሉም ላይ ተራራ አለ፤ ሁሉም ላይ ብርጭቆ አጋጭተው የሚስቁ ባልና ሚስት አሉ። የቱ ከየቱ እንደሚሻል ግን አንዱም አይነግራችሁም።

መጀመሪያ ስንሄድ እኛም ሁሉም አማረን። በአንድ ቀን ሁለት ሙዚየምና ሦስት የወይን እርሻ ብለን ተነሣን። ጠዋት የመጀመሪያውን ሙዚየም በሩጫ አየን። ሦስተኛው እርሻ ስንደርስ ጠረጴዛው እየተጠረገ ነበር። ሁለተኛው ሙዚየም በሩ ተቆልፎ ጠበቀን። ሆቴል የገባነው ተኮራርፈን ነው። ይህን የምጽፈው እናንተ እንዳትኮራረፉ ነው።

ሦስቱ አማራጮች ኮንስታንሻ፣ ስቴለንቦሽና ፍራንሽሁክ ናቸው። ሦስቱም የወይን አገር ናቸው፤ ሦስቱም ውስጥ ሙዚየም አለ፤ ሦስቱም ጠዋት ከከተማ ተነሥቶ ማታ ለመመለስ ይመቻሉ። ግን አንድ አይደሉም።

መጀመሪያ መስፈርቱን እናስቀምጥ

አንደኛው መንገድ ነው። ከኬፕ ታውን መሀል ኮንስታንሻ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስቴለንቦሽ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያዙለት። ፍራንሽሁክ ከ75 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሰዓት ያልፋል። የጠዋትና የማታው መጨናነቅ በዚህ ላይ ይጨመራል። ከምሽቱ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ አካባቢ ወደ ከተማ የሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከተገኛችሁ መገናኛን በሥራ መውጫ ሰዓት አስቡት።

ሁለተኛው፣ ማን ይነዳል? የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ሰው ይዘለዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነው፤ መሪው በቀኝ ነው። ለእኛ አገር ሹፌር ይህ ብቻውን ላብ ያስወጣል። የአልኮሉ ገደብ ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 0.05 ግራም ነው። አንድ ቅምሻ ብዙ ጊዜ አራት ወይም አምስት ዓይነት ወይን ሲሆን ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቀዳል። ሲደመር ግን ከአንድ ደህና ብርጭቆ አያንስም። ሁለት እርሻ ሁለት ብርጭቆ ነው። እና ሁለታችሁም መቅመስ ካሰባችሁ መኪና መከራየቱን ተዉት።

መትፋት ይቻላል። ጠረጴዛው ላይ ለዚሁ የተቀመጠ ዕቃ አለ፤ የሥራው ሰዎች ሁሉ ይተፋሉ። እኔም አንዴ ልሞክር ጎንበስ ስል ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ሰው ፊት እንትፍ ልትል ነው?» አለችኝ። ዋጥኩት። በእኛ አስተዳደግ ይህ ነገር በቀላሉ አይለመድም፤ ስለዚህ «እየተፋሁ እነዳለሁ» የሚል ዕቅድ አታውጡ።

ሦስተኛው፣ ሙዚየሙ ምን ያወራል? ነው። አንዳንዱ ሙዚየም የቤት ዕቃ ያሳያል፤ አንዳንዱ ደግሞ ያንን ዕቃ ማን እንደ ወለወለው ይነግራል። ኬፕ ላይ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ወይኑን የተከሉት እጆች የማን እንደነበሩ የማይነግር ጉብኝት ለእኔ ግማሽ ጉብኝት ነው።

የቀሩት ሁለቱ አጫጭር ናቸው። አንዳችሁ የማትጠጡ ከሆነ ለዚያኛው ምን አለ? ኪሳችሁስ ምን ይላል? የቅምሻ ዋጋ በብዙ እርሻዎች ከ100 እስከ 250 ራንድ አካባቢ ነው። ገንዘቡን የሚበላው ትራንስፖርቱና ምሳው ነው።

ኮንስታንሻ፦ ቅርቡና ጥንታዊው

ግሩት ኮንስታንሻ በ1685 ተመሠረተ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቹ የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የኬፕ አዛዥ የነበረው ሲሞን ፋን ደር ስቴል ነው። በደቡብ አፍሪካ እስከ ዛሬ ወይን ከሚያመርቱት ርስቶች ሁሉ አንጋፋው ይህ ነው።

ዝናው የመጣው ከጣፋጭ ወይኑ ነው። ናፖሊዮን ሴንት ሄሌና ደሴት ላይ ታስሮ ሳለ የኮንስታንሻ ወይን ይላክለት ነበር። ከዚያ በኋላ ተባይ መጣ፣ ገበያው ጠፋ፣ ወይኑም ተረሳ። ዳግም የተነሣው በ1980ዎቹ ነው። ጎረቤቱ ክላይን ኮንስታንሻ «ቫን ደ ኮንስታንስ» ብሎ በ1986 ምርት ጀመረ፤ ግሩት ኮንስታንሻም «ግራንድ ኮንስታንስ» የሚባል የራሱ አለው። ወርቃማ ነው፣ ወፈር ይላል፣ ማር ማር ይሸታል። ደረቅ ወይን አፉን የሚያኮማትረው፣ ከአክሱሚት ውጭ ወይን አላውቅም የሚል ሰው ካለ እዚህ ውሰዱት። ጠጅ የለመደ ምላስ ይህን ወይን ሲቀምስ ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል። ጠርሙሱ ትንሽ ነው፤ ዋጋው ግን ትንሽ አይደለም። ቅምሻው ውስጥ መካተቱን መጀመሪያ ጠይቁ።

ሙዚየሙ እዚያው ግቢው ውስጥ ነው። ነጭ ግድግዳና ጠመዝማዛ የጣሪያ ግንባር ያለው ትልቁ ቤት በ1925 ተቃጥሎ እንደገና የታደሰ ነው። ዕቃው ያምራል፤ ግን ለመቆም የሚያስገድደው ስለ ባርነት የሚናገረው ክፍል ነው። ኬፕ ላይ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከሞዛምቢክ፣ ከማዳጋስካር፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች የመጡ ነበሩ። ባርነት በሕግ የቀረው በ1834 ሲሆን ሰዎቹ ግን ለተጨማሪ አራት ዓመት በ«ተለማማጅ» ስም ከጌቶቻቸው ጋር እንዲቆዩ ተደርገዋል። ከቤቱ ጀርባ ያለው አሮጌ የወይን ማከማቻ በ1791 የተሠራ ነው። ግንባሩ ላይ ያለውን ቅርጽ ቀና ብላችሁ እዩት፤ በንስር የተነጠቀው የግሪኮች ተረት ልጅ ጋኒሜድ ነው። የአማልክት ወይን ቀጂ ነበር ይባላል።

የኮንስታንሻ ትልቁ ጥቅም ግን ቅርበቱ ነው። ቅርብ ስለሆነ ጠዋቱን ከተማ ውስጥ ሌላ ሙዚየም ማየት ትችላላችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የጠዋቱ ሙዚየም የቱ ይሁን?

የእኔ ምርጫ ዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ነው። ዲስትሪክት ሲክስ ከመሀል ከተማው ጎን የነበረ፣ ዘሩም ሃይማኖቱም የተቀላቀለ ሰፈር ነው። በ1966 የአፓርታይድ መንግሥት «ለነጮች ብቻ» ብሎ አወጀበት። ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተነሥቶ ቤቱ በዶዘር ፈረሰ። ሙዚየሙ በ1994 በአንድ አሮጌ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተከፈተ።

ሕንፃው ትንሽ ነው። ስትገቡ ወለሉ ላይ የሰፈሩ ትልቅ ካርታ ተዘርግቷል። የቀድሞ ነዋሪዎች ጎንበስ ብለው ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ስማቸውን ጽፈዋል። ከላይ የመንገድ ስም ሰሌዳዎች ተሰቅለዋል። እነዚህን ሰሌዳዎች እንዲጥላቸው የታዘዘ የአፍራሽ ቡድን ሰው ነው ደብቆ ያቆያቸው። ሰዎች የጻፉት መልእክት በክር የተጠለፈበት ረጅም ጨርቅም አለ። ባለቤቴ ጥልፉን ስታይ ከአጠገቡ አልነቃነቅም አለች። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው ደግሞ ያንን ካርታ ረግጦ ማለፍ ይከብደዋል። ጉብኝቱን የሚመሩት አንዳንዶቹ ራሳቸው ከሰፈሩ የተፈናቀሉ ሰዎች ናቸው። ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ሥነ ጥበብ የምትወዱ ከሆነ ዛይትስ ሞካ አለላችሁ። ወደቡ አካባቢ ያለ የ1924 የእህል ጎተራ ነው፤ 57 ሜትር ይረዝማል። የኮንክሪት ቱቦዎቹ ከውስጥ ተቆርጠው በመስከረም 2017 የአፍሪካ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሆነ። መሀል ያለው ባዶ ቦታ የአንዲት የበቆሎ ፍሬ ቅርጽ ነው፤ ቀና ብሎ ማየቱ ብቻ ትኬቱን ያስረሳል። ትኬት ካልን ደግሞ፣ ረቡዕ ጠዋት የአፍሪካ ዜጎችን በነፃ የማስገባት ልማድ አለው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወረፋ ከማሰለፍ ሌላ የሚጠቅምበት ቀን እምብዛም ስለማይገኝ ይዛችሁት ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን ድረ ገጻቸው ላይ እዩ።

የባሪያዎች ማደሪያ የነበረው ስሌቭ ሎጅ በ1679 የተሠራ ሲሆን መሀል ከተማው ላይ ነው። ግሩት ኮንስታንሻን ከማየታችሁ በፊት ብታዩት ታሪኩ ይያያዛል። ሮበን ደሴትን ግን ከዚህ ቀን ጋር አትደባልቁ። ጀልባውና ጉብኝቱ ተደምሮ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ባሕሩ ሲናወጥም ይሰረዛል። የራሱ ቀን ይኑረው።

ከከተማ ወደ ኮንስታንሻ ለመሄድ ኡበር ወይም ቦልት ይበቃል፤ ለመመለስም በቀላሉ ይገኛል። ቀዩ ባለ ሁለት ፎቅ አስጎብኚ አውቶቡስም አለ። ሰማያዊው መስመር በኪርስተንቦሽ የዕፅዋት ስፍራ በኩል አድርጎ ኮንስታንሻ ኔክ ያደርሳችኋል፤ እዚያ ወደ ወይን እርሻዎቹ በሚዞረው ሐምራዊ መስመር ትቀይራላችሁ። ርካሽ ነው። ግን የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ሹፌሩን ጠይቃችሁ ያዙ። ሰዓቱን ሲነግራችሁ ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ።

ስቴለንቦሽ፦ ለወይኑ ሲባል የሚሄዱበት

ስቴለንቦሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። የተመሠረተችው በ1679 ነው፤ ስሟም ከዚያው ከፋን ደር ስቴል የመጣ ነው። መንገዶቿ በዛፍ ጥላ የተሸፈኑ ናቸው። በእግር መዞር ለሚወድ ከሦስቱም ይህቺ ትሻላለች።

ወይን በቁም ነገር የምትጠጡ ከሆነ ወደዚህ ኑ። በዙሪያዋ ከመቶ በላይ እርሻ አለ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው የወይን መንገድ በ1971 የተዘጋጀው እዚሁ ነው። ፒኖታዥ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ የራሷ የወይን ዝርያም እዚህ ተወለደ። አብርሃም ፔሮልድ የተባሉ ፕሮፌሰር በ1925 ፒኖ ኖዋርን ከሳንሶ ጋር አዳቀሉ። ሳንሶን እዚያ አገር ኤርሚታዥ ይሉት ስለነበር ሁለቱ ስሞች ተጋጥመው ፒኖታዥ ሆነ። ከድቅሉ የተገኘው ዘር አራት ፍሬ ብቻ ነበር። ፕሮፌሰሩ በግቢያቸው ተክለውት ሥራ ቀይረው ሲሄዱ ችግኙ ከአረም ጋር ተነቅሎ ሊጣል ለጥቂት ተረፈ።

ፒኖታዥ ሰው ወይ ይወደዋል ወይ ይጠላዋል። ጠቆር ያለ ነው፤ ጥሩው ጭስ ጭስና እንጆሪ ይላል፤ መጥፎው የተቃጠለ ጎማ ያስታውሳል። ከተጠበሰ ሥጋ ጋር ቅመሱት። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ባለቤቴ ግማሹን ወደ እኔ ብርጭቆ ገለበጠችው።

ሙዚየሞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመንደር ሙዚየሙ በተለያየ ዘመን የተሠሩ አራት ቤቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው በ1709 የተሠራ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፉ የቤቱ ስፋት፣ ወለሉና ዕቃው እንዴት እየተለወጠ እንደሄደ ታያላችሁ። በየክፍሉ የዘመኑን ልብስ የለበሱ ሴቶች ቆመው ያስረዳሉ። ደስ ይላል፤ ነገር ግን የሚያወራው በአብዛኛው ስለ ባለቤቶቹ ነው። ሌላው ሩፐርት ሙዚየም ነው። በ2005 የተከፈተ፣ ሰፊና ጸጥ ያለ የሥዕል ቤት ነው። ኢርማ ስተርንንና ፒርኒፍን የመሳሰሉ የደቡብ አፍሪካ ሠዓሊዎችን ሥራ ያሳያል። የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ስብስብ መሆኑን እያስታወሳችሁ እዩት።

ችግሩ እርሻዎቹ መበታተናቸው ነው። ከአንዱ ወደ አንዱ በእግር አይኬድም። ወይ ሹፌር ያለው መኪና ለቀኑ መያዝ፣ ወይ ከስቴለንቦሽ የሚነሣ የቡድን ጉብኝት መግባት ነው። እኛ አንዴ ሹፌር ያለው መኪና ከአንድ ድርጅት ይዘን የተስማማነው «ሙሉ ቀን» ነበር። ሹፌሩ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ሲሆን «ሰዓቴ አልቋል፤ ትርፉ ይከፈላል» አለን። የተጻፈ ነገር ስላልነበረን ከፈልን። የመነሻና የመመለሻ ሰዓቱን በጽሑፍ ያዙ።

መንገዱ በአየር ማረፊያው በኩል የሚያልፍ ከሆነ ከአውራ ጎዳናው ዳርና ዳር የቆርቆሮ ሰፈሮችን ታያላችሁ። በእነዚህ ሰፈሮች ሱቅ ከፍተው የሚሠሩ፣ አንዳንዴም ሕይወታቸውን የሚከፍሉ ብዙ ወገኖቻችን አሉ። ከዚያ ከሩብ ሰዓት በኋላ የወይን ማሳው ይጀምራል።

ፍራንሽሁክ፦ ውቡና ውዱ

ስሙ «የፈረንሳዮች ጥግ» ማለት ነው። በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ሁግኖት የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ከ1688 ጀምሮ እዚህ መሬት ተሰጣቸው። ሸለቆው በሦስት በኩል በተራራ የታጠረ ነው። ከሦስቱ ቦታዎች በዓይን ይህን የሚያክል የለም።

እንደ ሙዚየም ቀን ካየነው ግን ደካማው ይህ ነው። የሁግኖት ሙዚየሙ የስደተኞቹን ታሪክ በደንብ ይነግራል፤ ለቤተሰብ ሐረግ ፍቅር ለሌለው ሰው ግን ቶሎ ይሰለቻል። መኪና የምትወዱ ከሆነ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የመኪና ሙዚየም አለ። ከ200 በላይ መኪና ሲኖረው በአንድ ጊዜ 80 ያህሉን ያሳያል። ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ሰው ወደዚህ የሚጎርፈው ለትራሙ ነው። ከ2012 ጀምሮ የሚሠራው የወይን ትራም እርሻ ለእርሻ ያዞራችኋል። ባለ ቀለም መስመሮች አሉት፤ አንዱን መስመር መርጣችሁ ትወርዳላችሁ፣ ትቀምሳላችሁ፣ ቀጣዩ ሲመጣ ትሳፈራላችሁ። ማን ይነዳል የሚለውን ጥያቄ ከሦስቱ ሁሉ በደንብ የፈታው እሱ ነው። ጉድለቱ ቀኑን በሙሉ መውሰዱ ነው። በየእርሻው የሚቀጥለውን ትራም አንድ ሰዓት ያህል ትጠብቃላችሁ፤ ሦስት ወይም አራት እርሻ ካያችሁ ቀኑ አለቀ። ሙዚየም የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ደግሞም ማታ ከፍራንሽሁክ ወደ ኬፕ ታውን የሚመልስ ኡበር ማግኘት ፈተና ነው። ወይ መመለሻውን ያካተተ ትኬት ግዙ፣ ወይ እዚያው እደሩ።

ከከተማዋ ወደ ፓርል በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ትኬት የማይጠይቅ ሙዚየም አለ ማለት ይቻላል። ያኔ ቪክተር ፈርስተር ይባል የነበረው እስር ቤት ነው። ማንዴላ በእግራቸው የወጡት ከዚህ በር ነው፤ የካቲት 11 ቀን 1990። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 4 ቀን 1982 መሆኑ ነው። ዲስትሪክት ሲክስ ለነጮች ብቻ የተባለውም የካቲት 11 ቀን ነበር፤ ልክ 24 ዓመት ቀደም ብሎ። በሩ ላይ እጃቸውን ያነሡ ሐውልት ቆሞላቸዋል። እስር ቤቱ ዛሬም ሥራ ላይ ስለሆነ ፎቶ አንሥቶ መሄድ ነው። በ1962 ኮልፌ ላይ የውትድርና ሥልጠና ወስደው እንደ ተመለሱ የተያዙት ሰው መሆናቸውን የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ግን ትንሽ ይቆማል።

ባጭሩ

| መስፈርት | ኮንስታንሻ (ከከተማ ሙዚየም ጋር) | ስቴለንቦሽ | ፍራንሽሁክ |
|---|---|---|---|
| መንገድ (አንድ ጉዞ) | 20–30 ደቂቃ | 45–60 ደቂቃ | ከአንድ ሰዓት በላይ |
| ሁለታችሁም ብትጠጡ | ኡበር፣ ቦልት ወይም ቀዩ አውቶቡስ | ሹፌር ወይም የቡድን ጉብኝት | ትራም |
| ሙዚየም | ከሦስቱ ምርጡ | ጥሩ | ደካማ |
| የወይን ምርጫ | ጥቂት እርሻ፤ ጣፋጩ ዝነኛ | በጣም ሰፊ | ሰፊ |
| ለማይጠጣው | ብዙ | መጠነኛ | መልክዓ ምድርና ምሳ |
| ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

ለሥራ መጥታችሁ አንድ ቀን ብቻ የተረፋችሁ ከሆነ ሌላ አታስቡ፤ ጠዋት ዲስትሪክት ሲክስ፣ ከሰዓት ግሩት ኮንስታንሻ። ገንዘብ የሚያሳስባችሁ ከሆነም ያው ነው። አንዳችሁ የማትጠጡ ከሆነ አሁንም ያው ነው፤ የማይጠጣው ሰው ቤቱንና የወይን ማሳውን ሲዞር ሌላው ይቀምሳል። ብዙ እርሻዎች ለስላሳ የወይን ጭማቂም ስላላቸው ጠይቁ።

ወይን የሚያውቅ ወዳጅ አብሯችሁ ካለ፣ ወይም ጉደርንና የዝዋይን ወይን ከዓለም ጋር ማወዳደር ከፈለጋችሁ ስቴለንቦሽ። ሩፐርትን ጠዋት እዩና ሁለት እርሻ ብቻ ምረጡ። ሁለት ካልኩ ሁለት ነው፤ ከሦስተኛው በኋላ ምላስ ሁሉንም አንድ ያደርገዋል።

ጫጉላ ላይ ከሆናችሁ ወይም የጋብቻ በዓላችሁን የምታከብሩ ከሆነ ፍራንሽሁክ። ግን ሙዚየሙን ለሌላ ቀን ተዉትና አንድ ሌሊት እደሩ።

የትኛውንም ብትመርጡ ሙዚየሙን ከወይኑ አስቀድሙ። ከአምስት ቅምሻ በኋላ የግድግዳ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አላየሁም። ቁርስ በደንብ ብሉ። ሙዚየሞቹ ሰኞ ወይም እሑድ የሚዘጉ ስላሉ ቀኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ወቅቱን በተመለከተ ወይኑ የሚለቀመው ከጥር ወዲህ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ ማሳው ሞቅ ይላል፤ ሰውም ይበዛል። ዝናባቸው ልክ እንደኛ ክረምት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ጃኬት ያዙ።

ጾመኞች ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ያ የዛይትስ ሞካ ነፃ መግቢያ ረቡዕ ነው። ከሰዓት ወይን እርሻ ስትደርሱ ከብርጭቆው ጋር የሚመጣው ሳህን አይብ ነው። እኛ የወይራ ፍሬና ዳቦ ጠየቅን፤ አስተናጋጇ ግራ ብትጋባም አመጣችልን።